ዓይን የሌላት ቢጫ

ሰው ሲታማ ይበሳጫል፤ እትዬ ፊሽካን ያስደነገጣት ግን ስትመሰገን መስማቷ ነው። ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ የሰዓት ፊርማዋን ልትፈርም ወደ ጸሐፊዋ ክፍል ስታመራ፣ ገርበብ ካለው በር ወዲያ ምክትል ርዕሰ መምህርቷ ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደች ታስጽፍ ነበር። «ተማሪዋ በሜዳው ላይ ስትሮጥ ተደናቅፋ ወደቀች። የእረፍት ሰዓት ተቆጣጣሪዋ በቦታው ቆማ በንቃት ትከታተል ነበር። ‹በንቃት› የምትለዋን አስገባሻት?» ጸሐፊዋ «ገብታለች» አለች። «እንግዲያው ከሰዓት በኋላ ጠርተን እናስፈርማታለን። ለሷም ጥሩ ነው፣ ለሁላችንም ጥሩ ነው።»

እትዬ ፊሽካ ልታስገባው የነበረውን እግሯን መልሳ ከኮሪደሩ ግድግዳ ጋር ተለጠፈች። በዚህ ትምህርት ቤት በሠራችባቸው ስድስት ዓመታት ስለሷ የተጻፈ ነገር ቢኖር ሁለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤና አንድ የጫማ ቁጥር ነው፤ ጫማውም እስከ ዛሬ አልመጣም። አሁን ምን ተገኝቶ ነው «በንቃት» የምትባለው? ደግሞም ውሸት ነው። ትናንት በመጀመሪያው እረፍት፣ ጦጢት የሚሏት የሁለተኛ ክፍል ልጅ ወደቀች በተባለበት ሰዓት፣ እሷ እዚያ አልነበረችም፤ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ካለው ቧንቧ ዘንድ የነሰረ ልጅ አፍንጫ ጨብጣ «ቀና አትበል፣ ጎንበስ በል» ስትል ነበር። ይህን ምክትሏ ታውቃለች፤ ልጁን እስከነ ደሙ በመስኮት አይታዋለች። ታዲያ ማን ይጠቀም ብላ ነው የምትዋሸው? ሊያባርሯት ቢዋሹባት እትዬ ፊሽካ አይገርማትም ነበር፤ ለዚያ ምላሷን ስላ ነው የምታድረው። ለሷ ብሎ የሚዋሽ አለቃ ግን አይታ አታውቅም። ሰውን ውኃ ሲወስደው እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እትዬ ፊሽካ ደግሞ የሚስቅ ውኃ ስታይ ከወንዙ ዳር የምትሸሽ ሴት ናት።

ስሙን ያወጡላት ልጆቹ ናቸው። እናቷ ያወጣችላትን ስም ከደሞዝ ከፋዩ በቀር የሚያስታውሰው ያለ አይመስልም፤ እሱም አንዳንድ ወር ይሳሳታል። ሥራዋ ሦስት መቶ አርባ ልጅ በእረፍት ሰዓት ሳይሰበር፣ ሳይጠፋ፣ ሳይናከስ ወደ ክፍሉ እንዲመለስ ማድረግ ነው። ሜዳው ለዚህ ሁሉ ልጅ አልተሠራም። በአንድ ወገን ሸርተቴ፣ በአንድ ወገን አንድ ሰንሰለቷ የተበጠሰ ዥዋዥዌ፣ መሃል ላይ ደግሞ መንጠላጠያው አለ፤ ጫፉ ከረጅም ወንድ አናት በላይ የሚሄድ፣ ቀለሙ የተላላጠ ብረት በብረት። ደንቡ እንዲህ ነው፤ በየእረፍቱ ሁለት ሰው ይቆማል፣ እትዬ ፊሽካና አንድ ተረኛ መምህር። መንጠላጠያው ሥር የሚቆመው ሰው ቢጫ ሰደርያ ይለብሳል። ቦታውን ለሌላ ሲለቅ ሰደርያውን አውልቆ በእጅ ያስረክባል። የለበሰ ሰው ዓይኑን ከብረቱ አይነቅልም። ልጆቹ ሰደርያዋን «ቢጫዋ» ይሏታል፤ ቢጫዋ ቆማ እያለች ከሦስተኛው ብረት በላይ አይወጣም። ይህ በወረቀት ያለው ነው። መሬት ላይ ያለው ሌላ ነው። ተረኛው መምህር ሻይ ሲያምረው፣ ስልኩ ሲጮህ፣ ነፋስ ሲያስጨንቀው፣ ቢጫዋን ከመንጠላጠያው ምሰሶ ላይ ሰቅሏት ውልቅ ይላል። ልጆቹ ከሩቅ ቢጫ ካዩ አይጠጉም፤ ማሳ ላይ ቡትቶ ያየ ወፍ በሉት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሠርቷል። ሁለት ዓመት የሠራ ነገር ደግሞ ሰው ደንብ ይመስለዋል።

ትናንት እትዬ ፊሽካ የነሰረውን ልጅ ስታይ ሰደርያዋን አውልቃ ለተረኛዋ መምህርት በእጇ ሰጥታታለች። ተረኛዋ መምህርት ታናሽ እህቷ ናት። ትምህርት ቤቱ ግን ይህን አያውቅም። ታናሽየው የዛሬ ስድስት ወር በሙከራ ስትቀጠር «እታለም፣ እዚያ ባንተዋወቅ ለሥራው ይሻላል» አለቻት፤ እትዬ ፊሽካም እሺ አለች፤ ያቺ እሺታ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተጋድማ ቀረች። ይህችን ልጅ ለመምህርነት ያበቃቻት የሰው ልብስ አጥባ፣ የሰው ደረጃ ወልውላ ነው። ጠዋት ከአንድ ቤት ይወጣሉ፤ የግቢውን ጥግ ሲያልፉ አንዷ ትቀድማለች፣ አንዷ የጫማዋን ማሰሪያ የምታጠብቅ መስላ ትዘገያለች። ሁልጊዜ የምትዘገየው እትዬ ፊሽካ ናት፤ ጫማዋ ግን ማሰሪያ የለውም።

የነሰረውን ልጅ ሸኝታ ስትመለስ ጦጢት መሬት ላይ ተቀምጣ ግራ እጇን አቅፋ ነበር። ታናሽየው አጠገቧ ተንበርክካ «ተደናቅፋ ነው፣ ተደናቅፋ ነው» ትላለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ቢጫዋን ለብሳታለች፤ ለብሳታለች እንጂ ገልብጣ ነው የለበሰቻት፣ ስፌቱ ወደ ውጭ። እትዬ ፊሽካ ይህን በዓይኗ አይታ በልቧ አላስገባችውም ነበር። አሁን ኮሪደሩ ላይ ቆማ አስገባችው። ስትረከባት በቀኙ ነበር የለበሰቻት፤ አንዴ የተለበሰ ልብስ ሳይወልቅ አይገለበጥም። እቤትም ማታ ታናሽየው አንዷን ሸሚዝ ሁለት ጊዜ ተኩሳት፣ «ምን ሆነሻል?» ስትባል «ደክሞኝ ነው» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። የደከመው ሰው አንድ ሸሚዝ ሁለት ጊዜ ይተኩሳል እንዴ?

ፊርማዋን ፈርማ ወደ በሩ ወጣች። የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ገልብጣ ተቀምጣበት ብርቱካን ትልጣለች።

«ይቺን አየሻት? ባለፈው ሳምንት በዚህ ዋጋ ሦስት ነበር። ዛሬ አንዷን ሰጥቶኝ ‹ምረቂኝ› ይለኛል።»

«መረቅሽው?»

«ልጅህ እንዳንተ ይነግድብህ አልኩት።» አንድ ክፋይ ሰጠቻት። «እኔስ ትናንት በዚያች በወደቀችው ልጅ ወገቤ ተቆረጠ። ኮሪደሩን ሁለቴ ነው ያጠብኩት።»

«ምን አድርጋ?»

«አስመልሳ ነዋ! አንዴ የመጀመሪያ እርዳታ ክፍሉ በር ላይ፣ አንዴ ወደ ቤት ሊወስዷት ሲሉ። የእርዳታዋ ሴትዮ ‹ጭማቂ ጠጥታ ነው› አለች። ጭማቂ እንዲህ የሚያደርግ ከሆነ እኔም ባልጠጣ ይሻለኛል።»

እትዬ ፊሽካ የብርቱካኗን ክፋይ አፏ ውስጥ ይዛት ቀረች። ዓምና ሁለት ቀን የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ተብሎ አዳራሽ አጉረዋቸው ነበር፤ ሌሎቹ አንቀላፍተው ሲውሉ እሷ፣ ትምህርት ቤት የገባችው ለመጥረግ ብቻ የሆነችው፣ አንድም ቃል አላመለጣትም። ከከፍታ የወደቀ ልጅ ካስመለሰው፣ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ወደ ቤት አይላክም፤ ወደ ሐኪም ቤት ነው። ተደናቅፎ ሜዳ ላይ የወደቀ ልጅ ጉልበቱ ይላጣል፣ እጁ ይወለም ይሆናል። አያስመልሰውም። እንግዲህ ወይ ጭማቂው ነው፣ ወይ ሜዳው ሜዳ አይደለም።

በመጀመሪያው እረፍት ቢጫዋን ራሷ ለብሳ መንጠላጠያው ሥር ቆመች። ሁሉንም በጎሪጥ ታያለች። የእርዳታ ክፍሏን ሴትዮ መስኮቷን ስትዘጋ አየቻት፤ በዚህ ሙቀት መስኮት ለምን ይዘጋል? ዘበኛው ከሌላው ቀን ይልቅ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት፤ ምን ሰምቶ ነው? ከላይኛው ፎቅ ታናሽ እህቷ ብቅ ብላ አየቻትና መጋረጃውን ሳበች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ የጠረጠረ ደግሞ እንደሷ አንገቱ እስኪጣመም ሲዞር ይውላል። ከላይኞቹ ብረቶች በአንዱ ላይ፣ የደንብ ልብስ አረንጓዴ ክር ብሎኑ ላይ ተጠምጥሞ አገኘች። ግን አረንጓዴ የሚለብሰው ሦስት መቶ አርባ ልጅ ነው፤ ክር አፍ የለውም። አፍ ያላት ወላቃ ናት። የጦጢት የነፍስ ጓደኛ፣ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ቃሉ ሁሉ በክፍተቱ የሚያፏጭባት ልጅ። ከግንቡ ሥር ብቻዋን ተቀምጣ ጠጠር ትቆጥራለች።

«ወላቃ፣ ነይ እስቲ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ጓደኛሽ ዛሬ የለችም?»

«ቤቷ ናት። ከላይ አልወደቀችም።»

«ከላይ ወደቀች ማን አለሽ?»

ወላቃ ከንፈሯን ጥርስ በሌለበት በኩል ነከሰች። «ማንም። ስትሮጥ ነው በሉ ተባልን። ምያለሁ።»

«ለሰው አልናገርም ብለሽ ነው የማልሽው?»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ ፊሽካ ነኝ። ለፊሽካ የተነገረ አይቆጠርም።»

ወላቃ ይህንን ትንሽ አሰበችበት፤ እትዬ ፊሽካ ዓይኗን ከብረቱ ሳትነቅል፣ እጆቿን ኪሷ ከታ ጠበቀቻት። «ቢጫዋ ተሰቅላ ነበር» አለች ልጅቷ። «እኛ አንወጣም አልን። ጦጢት ግን ‹ቢጫዋ ዓይን የላትም፣ ሂጂና ንኪያት› አለችኝ። ሄጄ ነካኋት። ውስጧ ሰው የለም። ከዚያ ጦጢት እስከ ላይ ወጣች። በጉልበቷ ተንጠልጥላ ተዘቀዘቀች። ‹እዩኝ› አለች። አየናት። ከዚያ… ዱብ።»

«በምኗ?»

ወላቃ መዳፏን አናቷ ላይ ጫነች። «መጀመሪያ በዚህ። ከዚያ በእጇ።»

«ስትሮጥ ነው በሉ ያላችሁ ማነው? ምክትሏ ናት?»

እትዬ ፊሽካ አዎ እንድትላት በሆዷ ለመነቻት። ወላቃ ግን ራሷን ነቀነቀች። «የኛ መምህርት ናት። አልቅሳ ስለነበር እሺ አልናት።»

የወላቃ መምህርት ማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ደወሉ እስኪደወል የቀረችው ሰባት ደቂቃ ሰባት ዓመት ሆነችባት፤ ቢሆንም አልተነቃነቀችም፤ ሌላ ልጅ ላይ ጀርባዋን አዙራ ስለዚያች ልጅ ብትሮጥ ምን ልትባል ነው? ልጆቹ ክፍል ሲገቡ ቀጥ ብላ ወደ እርዳታ ክፍሉ ሄደች። ሴትዮዋ ሹራብ ትሠራለች። «ቤቷ ተደውሏል» አለች ሳትጠየቅ። «ምክትሏ ራሷ ናት ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ የደወለችው። ደህና ናት ተብሏል። አንቺ ምን አገባሽ፣ ባንቺ ላይ የመጣ ነገር የለም እኮ!» እትዬ ፊሽካ ሹራቡን አየችው። የሕፃን ነው፣ ቀጭን አንገት ያለው። «ጭማቂውን አይተሽዋል ወይ?» አለቻት። «የምኑን ጭማቂ?» አለች ሴትዮዋ፤ ከዚያ የተናገረችው ታወቃትና ወደ መርፌዋ ተመለሰች።

ሁለቱ እህትማማቾች ምሳ የሚበሉት ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ፣ እግሩ በተሰበረ የተማሪ ወንበር ላይ ነው፤ ሰው እንዳያያቸው። አንድ ባለ ሁለት ድርብ ምሳ ዕቃ አላቸው፤ ከላይ ሩዝ፣ ከታች ድንች። ከላዩ ታናሽየው ትጀምራለች፣ ከታቹ ታላቅየው፣ ግማሽ ሲደርሱ ይለዋወጣሉ። ዛሬ ታናሽየው ሩዙን በማንኪያ ወዲያ ወዲህ ከማስኬድ በቀር ወደ አፏ አላደረሰችም። ከግምጃ ቤቱ ጣሪያ ላይ ውኃ ጠብ ይላል፣ ዝናብ ሳይዘንብ። ሁለቱም ጠብታውን ያዳምጣሉ። እቤትም እንዲህ ናቸው። አባታቸው የሞቱ ጊዜ እንኳን ሦስት ቀን ሙሉ የተባባሉት «ጨው አልቋል» ብቻ ነበር። በመጨረሻ እትዬ ፊሽካ ምሳ ዕቃውን አስቀመጠች።

«ቢጫዋን ሰቅለሽ የት ሄድሽ?»

ታናሽየው «አልሰቀልኩም» ልትል አፏን ከፍታ፣ የእህቷን ፊት አይታ ዘጋችው። «ምክትሏ ልጅ ልካ አስጠራችኝ። የመጨረሻ ግምገማዬን ልትሞላ። አሁን ነይ አለች። አልመጣም ልበላት? ሳምንት እኮ ነው የቀረኝ፣ እታለም። ሳምንት!»

«እና ልጆቹን ዋሹ አልሻቸው።»

«ምክትሏ ናት እንዲህ ይሻላል ያለችው። እሷ ባትጠራኝ አልሄድም ነበር፤ እሷም ታውቀዋለች። ለዚህ ነው አንቺን ቆማ ነበር ያለችው። አንቺ ቆመሽ ከነበረ እኔ የትም አልሄድኩም፣ እሷም አልጠራችኝም፣ ልጅቷም ሜዳ ላይ ነው የወደቀችው። ማንም አይጎዳም። ብትፈርሚላት ምን አለበት?»

«ልብሱን ሰቅሎ መሄድን ደግሞ ከየት አመጣሽው? ዩኒቨርሲቲ ነው ያስተማሩሽ?»

ታናሽየው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። «አንቺ ነሻ። የመጀመሪያ ሳምንቴ ላይ። እዚሁ ተቀምጠን። ‹ሦስት መቶ አርባ ልጅ በሁለት ዓይን አይጠበቅም፤ ይቺን ሰቅለሽ ጉዳይሽን አድርሺ፤ የዘየድኳት እኔ ነኝ፣ አሁን መምህሩ ሁሉ ከኔ ኮርጆ ይሠራባታል› አልሽኝ። ደረትሽን ነፍተሽ ነው የነገርሽኝ፣ እታለም።»

ውኃው ጠብ አለ። እትዬ ፊሽካ፣ ከዘበኛው እስከ ርዕሰ መምህሩ በነገር የማትረታው፣ ወደ ጠብታው ዞረች። እውነት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ብቻዋን በቀረችበት አንድ ቀን፣ ሸርተቴው ዘንድ የተጣሉትን ልታላቅቅ ስትሮጥ ቢጫዋን ምሰሶው ላይ ጣለቻት፤ ተመልሳ ስታይ አንድም ልጅ አልወጣም። «ያለ ደሞዝ የምትሠራ ረዳት ቀጠርኩ» እያለች ሳምንቱን ሙሉ ሳቀች። ጠዋቱን ሁሉ የሰው ዱካ ስትከተል ውላ ዱካው ዞሮ ዞሮ ከገዛ ደጃፏ ገባ። ተነሳች። ታናሽየው ምሳ ዕቃውን ከደነችው፤ ክዳኑ አልገጥም ብሏት ስትታገለው እትዬ ፊሽካ ጥግ ዞራ ጠፋች።

የምክትሏ ክፍል ለግቢው አይመጥንም፤ ምንጣፍ አለው፣ የፕላስቲክ አበባ አለው፣ ከጠረጴዛው ፊት ለእንግዳ የሚሆን ለስላሳ ወንበር አለው። እትዬ ፊሽካ በስድስት ዓመቷ ዛሬ ገና «ተቀመጪ» ተባለች። አልተቀመጠችም። ወረቀቱ ተዘጋጅቶ፣ ስክሪብቶው ክዳኑ ተነስቶለት ይጠብቃታል።

«አንዲት ፊርማ ናት» አለች ምክትሏ። «ስምሽ ጥሩ ሆኖ ነው የተጻፈው፣ አንብቢው። ጫማሽንም ጠይቄልሻለሁ።»

«የጦጢት አያት ምን አሉ ጠዋት?»

«ምን ይላሉ? ደህና ናት አሉ። ተኝታለች።»

«ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ ተኝታለች?»

«ከትናንት ማታ ጀምሮ አንጀቷ እስኪርስ ተኝታለች፣ ለቁርስም አልተነሳች አሉ። እንቅልፍ ለልጅ መድኃኒት ነው። ምነው?»

የፕላስቲክ አበባው ላይ አቧራ አለ። እትዬ ፊሽካ አቧራውን እያየች፣ አዳራሹ ውስጥ ያ አሠልጣኝ በሰሌዳ ላይ ሁለት ጊዜ ያሰመረበትን ቃል አየችው፤ «እንቅልፍ»። «ይደውሉ» አለች። «አሁን ይደውሉ።» ምክትሏ ቅር እያላት ደወለች። ጠራ። ጠራ። ማንም አላነሳም። «ወጥተው ይሆናል» አለች ስልኩን እያስቀመጠች።

«ልጅቷ ከላይኛው ብረት በአናቷ ነው የወደቀችው። ሁለት ጊዜ አስመልሷታል። እርስዎ ይህን ያውቃሉ?»

«አንቺ በቦታው አልነበርሽም፤ እንዴት አወቅሽ?»

«ይኸው! በቦታው አልነበርሽም ብለው ራስዎ ተናገሩት፤ ወረቀቱ ነበረች ይላል።»

ምክትሏ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ እናት ሆና፣ «ስሚኝ» አለች። «ይህን ያፈረስሽው እንደሆነ መጀመሪያ የምትወጣው ያቺ ልጅ ናት፤ እህትሽ። የማላውቅ መሰለሽ? ጫማ የሌለው ማሰሪያ ስታስሪ በመስኮት የማላይሽ መሰለሽ? ቀጥሎ አንቺ። እኔ ምናልባት ሦስተኛ። ለማን ብለሽ ነው?» «ማሰሪያ የሌለው ጫማ ነው የሚባለው» አለች እትዬ ፊሽካ፣ ምላሷ ከልማዷ የተነሳ፤ ልቧ ግን የወደቀው «እህትሽ» በምትለው ላይ ነበር። ደወሉ ተደወለ። የምሳ እረፍቱ ሁለተኛ ዙር ነው፤ ትንንሾቹ ይወጣሉ፣ በደረጃው ላይ ኮቴአቸው እንደ በረዶ ይወርዳል። ሜዳው ላይ ደግሞ ማንም የለም። እትዬ ፊሽካ ለዙሩ ለብሳው የመጣችውን ሰደርያ በአናቷ አውልቃ በምክትሏ ክንድ ላይ አደረገችው። ፊሽካዋንም ከአንገቷ አውጥታ ጨመረችላት።

«መንጠላጠያው ሥር ይቁሙ። ከሦስተኛው ብረት በላይ ማንም አይወጣም። እንዳይሰቅሉት፣ ይልበሱት።»

«አንቺ እኮ…»

«ቶሎ ይበሉ፤ ወጥተዋል።»

ስትወጣ በመስኮቱ አየቻት፤ ምክትሏ ባለ ተረከዝ ጫማዋን አሸዋው ላይ እያሰመጠች፣ ቢጫዋን ከሐር ሸሚዟ በላይ ለብሳ ትሮጣለች። በሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ሳቅ አንድ ወር ትኖርበት ነበር።

የጦጢት አያት ቤት ከሰዓት ሠሪው ሱቅ በላይ ነው፣ ደረጃው ጠባብ፣ መደገፊያው በሽቦ የታሰረ። ክፍሉ አንድ ነው። በመስኮቱ በኩል ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ለሸሚዝ ፋብሪካ የሚተከል አዝራር በሣጥን በሣጥን፤ በግድግዳው በኩል አልጋ፣ አልጋው ላይ ጦጢት፣ ግራ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ። ስልኩ ከሣጥኖቹ ሥር ተቀብሯል፤ አያትየው ጆሯቸው ከበድ ይላል። እትዬ ፊሽካን ሲያዩ መርፌውን ደረታቸው ላይ ሰክተው ተነሱ።

«ፊሽካዋ ነሽ? ልጄ ስላንቺ አውርታ አትጠግብም። እግዜር ይስጥሽ፣ ልትጠይቂ መጣሽ። ቀስ በይ፣ ተኝታልኛለች።»

«እማማ፣ ሐኪም ቤት አልወሰዷትም?»

«ልወስዳት ነበር እኮ። ጠዋት ጫማዬን አድርጌ ነበር። ስልኩ ሲመጣ አወለቅኩት።» ፈገግ አሉ። «ያቺ ሴትዮ ‹ፊሽካዋ አጠገቧ ቆማ እያየቻት ነው የወደቀችው፣ ሜዳ ላይ ናት፣ ምንም አልነካት› አለችኝ። እኔም ያየ ሰው ካለማ ብዬ ልቤ አረፈ። ያልታየ ነው እንጂ የሚፈራው።»

እትዬ ፊሽካ በሕይወቷ ብዙ ሰው በአፏ መትታለች። አሁን የምትናገረው ቃል አጭር ነው፤ ግን ከአፏ ሊወጣ አልፈለገም። «አልነበርኩም» አለች። አያትየው ጆሯቸውን አዞሩ። «እኔ አልነበርኩም፣ እማማ!» አለች ጮክ ብላ፤ ታች ሰዓት ሠሪው ሳይቀር እንዲሰማ አድርጋ። «ማንም አልነበረም። ማንም አላያትም። ሕፃናት ናቸው ያዩት። ከላይ ነው፣ በአናቷ ነው። ያን ልብስ ሰቅሎ መሄድንም ያስለመድኩት እኔ ነኝ። ይቀስቅሷት።»

አያትየው ዞረው በአልጋው ላይ ጎንበስ አሉ። «ልጄ። ልጄ፣ ተነሺ።» ጦጢት አልተነሳችም። ነቀነቋት። ዓይኗን ገለጠች፤ «ተደወለ?» አለች፣ ምላሷ ተጎትቶ፤ መልሳ ከደነች። በዚያች ቅጽበት እትዬ ፊሽካ አየች፤ የአንደኛው ዓይኗ ብሌን ከሌላው ሰፍቷል። አያትየው ጫማ ፍለጋ ተንበረከኩ፤ አንዱ ከአልጋው ሥር ነው፣ አንዱ ከበሩ ኋላ። እትዬ ፊሽካ ልጅቷን ታቅፋ ደረጃውን ስትወርድ፣ ሰዓት ሠሪው ማጉያውን ዓይኑ ላይ እንደሰካ ወጥቶ መኪና አስቆመላቸው። ሹፌሩ የጠራው ዋጋ የእጥፍ እጥፍ ነው፤ አያትየው ከልማድ የተነሳ «ኧረ ልጄ…» ብለው ጀምረው፣ እጃቸው የመኪናውን በር እንደያዘ ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ። ገቡ።

የሐኪም ቤቱ ድንገተኛ ክፍል የበረኪናና የሰው ላብ ይሸታል። ወጣቱ ሐኪም በትንሽ መብራት ዓይኗን አየ፣ ደግሞ አየ፣ ከዚያ ድምፁ ተቀየረ። ተሽከርካሪ አልጋ መጣ። «ከየት ነው የወደቀችው?» አለ እየጻፈ።

«ከመንጠላጠያ። ከራስዎ ቁመት በላይ ነው።»

«መቼ?»

«ትናንት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ።»

ብዕሩ ቆመ። «ትናንት? እስካሁን የት ነበራችሁ?» አያትየው አንገታቸውን ደፉ። እትዬ ፊሽካ ግን እንዲደፉ አልፈቀደችም። «እሳቸውን አይጠይቋቸው። እሳቸው ተታልለው ነው። ሜዳ ላይ ናት፣ ያያት ሰው አለ ተብለው።»

«ታዲያ ያያት ማነው?»

«የሰባት ዓመት ልጅ። ይቺን አስመልሷታል፣ ሁለት ጊዜ። መጀመሪያ በአናቷ፣ ከዚያ በእጇ ነው የወደቀችው። እንዲህ ብለው ይጻፉት።»

«እርስዎ ምኗ ነዎት?»

«ጠባቂዋ ነኝ።»

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ጻፈ። ዓይኗን አልሰበረችለትም። አልጋውን ገፍተው በባለ ሁለት ክንፍ በር አስገቡት፤ በሩ ወዲያ ወዲህ ተወዛውዞ ቆመ። ኪሷ ውስጥ ስልኳ ይንቀጠቀጣል፤ አወጣችው። ምክትሏ። ተወችው። እንደገና ተንቀጠቀጠ። ታናሽ እህቷ። ይህንንም ረጅም ጊዜ አየችው፤ እስኪቆም ድረስ አየችው፤ ምን ብላ ታነሳዋለች? ምን ብላ ትተወዋለች?

አያትየው ከግድግዳው ሥር ከተደረደሩት የብረት ወንበሮች በአንዱ ተቀምጠዋል፣ መርፌው አሁንም ደረታቸው ላይ እንደተሰካ። እትዬ ፊሽካ አጠገባቸው መቀመጥ አልደፈረችም፤ ሦስት ወንበር አልፋ፣ ከዚያ እሱም ቅርብ ሆነባትና፣ ወደ መውጫው በኩል ሄዳ ቆመች። እዚህ የምትሠራው ሥራ የለም። የሚጠብቃት ዓይን የለም። አሁን ብትሄድ ማን ያያታል?

«አንቺ» አሉ አያትየው።

«አቤት፣ እማማ።»

«የት ልትሄጂ ነው?»

«የትም። ልቁም ብዬ ነው።»

አያትየው አላዩዋትም። የሚያዩት በሩን ነው። ድምፃቸው ውስጥ ይቅርታ የለም፤ ይኑር ብላም እትዬ ፊሽካ አልጠበቀችም። በመዳፋቸው አጠገባቸው ያለውን ባዶ ወንበር አንዴ መታ አደረጉት።

«ነይ ተቀመጪ እዚህ። እኔ ጆሮዬ አይሰማም። ወጥተው የሚሉትን አንቺ ሰምተሽ፣ በራስሽ አፍ ትነግሪኛለሽ። አንዲትም ቃል ሳታጎድዪ።»

ተቀመጠች።